ማንም ያልሾማት የባሕር አዛዥ

ባሕር ዳር ያለ ከተማ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾማት የባሕሩ አዛዥ የሆነች አንዲት ሴት አለችው። ደመወዝ የላትም፤ ማኅተም የላትም፤ ቢሮዋ የሸራ ወንበር ነው። ግን ማዕበሉ ራሱ ከመነሳቱ በፊት እሷን የሚያስፈቅድ ይመስላል። አንዳንድ ከተማ ሁለት አለው ይባላል፤ እነሱ ግን ተቀራርበው አይቀመጡም፤ አንዷ በሰሜን ጫፍ፣ ሌላዋ በደቡብ ጫፍ ነው የሚውሉት። የእኛ ዊሪንጋ ትንሽ ስለሆነች አንዷ ትበቃናለች። እንዲያውም ለእኔ ትበዛብኛለች።

የእኛዋ ክብርት ኔሪዳ ፓስኮ ትባላለች። ዕድሜዋ ሰባ አራት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ስለኖረች፣ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ «ቁጭ በል!» እያለች ያሳደገችው እሷ ናት። ጡረታ ስትወጣ አውቶቡሱን አስረከበች እንጂ ድምፁን አላስረከበችም። በበጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወንበሯን፣ የሻይ ፔርሙዟንና አንድ ከረጢት ማንዳሪን ይዛ አሸዋው ላይ ትሰየማለች። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ሥራ ጀመረ ማለት ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ዋሪክ ቱሄይ እባላለሁ። ይህን የጋዜጣ አምድ ከመጻፌ ሌላ፣ የዊሪንጋ በጎ ፈቃደኛ ነፍስ አድን ክበብ የጥበቃ ቡድን መሪ ነኝ፤ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቀይና ቢጫ ቆብ አለኝ። ፊሽካ አለኝ። ስድስት የምስክር ወረቀት አለኝ፤ ሁለቱ በመስታወት ገብተው ሳሎን ተሰቅለዋል። ቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹን አሸዋው ላይ የምተክል፣ «በሁለቱ መካከል ብቻ ዋኙ» የምል እኔ ነኝ። ሰው የሚሰማው ግን እሷን ነው። እቀናባታለሁ። ብደብቀው የትም አልደርስም፤ ባለቤቴ ግሌኒስ ከእኔ ቀድማ ነው ያወቀችው።

ነገሩን ከማስታወቂያው ሰሌዳ ልጀምር። እዚህ አገር ሰው የሚገድለው ሻርክ ይመስለዋል፤ ይበልጥ የሚገድለው ሪፕ የምንለው ወሳጅ ውሃ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳር ያመጣው ውሃ ተሰብስቦ፣ አንድ ጠባብ መንገድ ይዞ ተመልሶ ወደ ጥልቁ ይነጉዳል፤ እዚያ መንገድ ላይ ያገኘውንም ሰው ይዞት ይሄዳል። ይህን ለሕዝብ የሚያስረዳ ሰሌዳ እንዲቆም ለከተማው ምክር ቤት ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጻፍኩ። በመጨረሻ ቆመ። አሥራ አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ሦስት ሥዕል፣ አራት ቀስት አለው። ጽሑፉን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሕዝቡ እርጥብ ፎጣ ያሰጣበታል።

አንድ ቀን ከመሀል አገር የመጣ ጎብኚ ሰሌዳው ላይ ተደግፎ፣ «እዚህ መዋኘት ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ከአንደኛው ነጥብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ ሸሚዙን አውልቆ መንገድ ጀምሯል። ይኼኔ ነው ከአርባ እርምጃ ላይ ያ ድምፅ የመጣው።

«አንተ ባለ አበባ ቁምጣ! ወዴት ነው?»

«ልዋኝ ነበር።»

«የት? እዚያ ጸጥ ያለው ጋ?»

«አዎ፣ ማዕበል ስለሌለው…»

«ለምንድነው የሌለው? ጠይቀኸዋል?»

ሰውዬው አለመጠየቁን አመነ።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ሲገባ የሚውለው በየት በኩል የሚወጣ መሰለህ፣ የኔ ልጅ? በሩ እሱ ነው! አንተ በሩ ላይ ልትዋኝ ነው?»

ሰውዬው ተመልሶ ባንዲራዎቹ መሀል ገባ። ለሚስቱም አስረዳት፤ «በሩ እኮ ነው» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ በአሥራ አንድ መስመር ያልቻልኩትን በአንድ በር ጨረሰችው። ያን ዕለት ቤቴ እስክገባ «በር… በር…» እያልኩ ስበግን ዋልኩ። እንዴት እኔ አላሰብኩትም?

ማንዳሪኑ ደግሞ አለ። ልጆች ሲሰበሰቡላት ክብርት ኔሪዳ ከከረጢቷ አንድ ማንዳሪን አውጥታ ወሳጁ ውሃ ላይ ትወረውራለች። ልጆቹ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ማንዳሪኑ ማዕበሉ ከሚሰበርበት አልፎ ይሄዳል፤ እዚያ ዘወር ይልና ትንሽ ቆይቶ በጎን በኩል፣ ነጭ አረፋ ባለበት፣ ከማዕበሉ ጋር ይመለሳል። «አያችሁ? አልታገለም። ዝም ብሎ ሄደ፣ ዝም ብሎ መጣ» ትላቸዋለች። ከዚያ ልጣ ታበላቸዋለች። በዊሪንጋ የአራት ዓመት ሕፃን እንኳ ወሳጅ ውሃ ቢይዝህ ምን ታደርጋለህ ሲባል «ማንዳሪን እሆናለሁ» ይላል።

እኔም ዝም አላልኩም። በክበቡ በጀት፣ የውሃውን መንገድ የሚያሳይ ሐምራዊ ቀለም አስመጣሁ። ሁለት ትምህርት ቤት ጋበዝኩ። ንግግር አደረግኩ። ቀለሙን አፈሰስኩት። ነፋሱ ተገላበጠና ቀለሙ ወደ ጥልቁ በመሄድ ፈንታ ዳር ዳሩን ተንሳፍፎ ቀረ። ያን ጊዜ የክበባችን ሊቀ መንበር ነጭ ውሻ ውሃው ውስጥ ነበር። ሲወጣ ነጭ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ ውሻ ሐምራዊ ሆኖ በዋናው መንገድ ሲንሸራሸር ከረመ፤ ሊቀ መንበሩም ሰላምታ ሲሰጠኝ ውሻውን እያየ ነበር። ኔሪዳ ማንዳሪን እየላጠች አየችኝ። ቢያንስ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ደግሞ ግሌኒስ አለች። እራት ላይ፣ «ኔሪዳ ዛሬ ምን ብትል ጥሩ ነው?» ትላለች።

«ምን አለች?»

«ወሳጅ ውሃ ሰውን ወደ ታች አይስብም አለች። ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ሰው የሚሞተው ሲታገለው ደክሞ ነው አለች። አቤት፣ እንዴት እንደምታስረዳ!»

«ግሌኒስ፣ እኔ ይህንኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስነግርሽ አልነበረም?»

«አንተ ስትለው ስብሰባ ስብሰባ ይላል።»

ድንቹን መቁረጤን ቀጠልኩ።

ይህን ሁሉ ያወራሁላችሁ ያለፈው ቅዳሜ እንዴት እንደደረሰ እንዲገባችሁ ነው።

እንደምታስታውሱት ለሦስት ቀን የዘለቀው አውሎ ነፋስ የቆመው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ የረጅሙ በዓል መጀመሪያ ስለነበር ገና ከጠዋቱ አርባ ያህል ሰው ፎጣውን ዘርግቶ ባንዲራ እስክንተክል ይጠብቃል። ባንዲራ የምንተክለው ደግሞ ሁልጊዜ በክበቡ ቤት ፊት ለፊት፣ በሻወሩና በቋሊማ መጥበሻው መካከል ነው። ይህ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። አባቴም እዚያው ይተክሉ ነበር። ባንዲራው ከዚያ ፈቀቅ ያለ ቀን ሽማግሌው ከሻወሩ ራቅኩ ይላል፤ ቋሊማ ጠባሹ ገበያዬ ሞተ ይላል፤ እናቶች ጃንጥላ ተሸክመው ያጉረመርማሉ። ስለዚህ አይነካም። አውሎ ነፋስ ግን ልማድ አያውቅም፤ የባሕሩን አሸዋ እንደ ፍራሽ አገላብጦት ነው የሚሄደው።

የባንዲራውን ዘንግ ተሸክሜ ስወርድ ኔሪዳ ወንበሯ ላይ ነበረች።

«ዋሪክ! እዚያ ልትተክለው ነው?»

«እንደምን አደርሽ፣ ኔሪዳ።»

«እኔስ ደህና አድሬያለሁ። አሸዋው ነው ደህና ያላደረው። ከክበቡ ፊት ተቦርቡሯል፤ በሩ ዛሬ እዚያ ነው። ባንዲራህን ወደ ሰሜን ውሰደው፤ መቶ ሃምሳ እርምጃ።»

እዚህ ላይ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። እኔም አይቼው ነበር። ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ፣ በክበቡ ቤት ፊት ማዕበል የማይሰበርበት ጠቆር ያለ ሰርጥ መከፈቱን አይቻለሁ። ወደ ሰሜን ለመውሰድም ወስኜ ነበር። ሁለት ደቂቃ ዝም ብትልልኝ ኖሮ፣ እኔው አውቄ፣ እኔው ወስኜ፣ እኔው በአርባ ሰው ፊት አስወስጄው፣ «ዋሪክ እኮ ዓይኑ ንስር ነው» እባል ነበር። ቀደመችኝ። አሁን ባንዲራውን ባንቀሳቅሰው የሷ ባንዲራ ሊሆን ነው።

ይባስ ብሎ የቡድኔ አባል ብሬንተን፣ በሥራ ቀን ቧንቧ ጠጋኝ፣ በቅዳሜ የእኔ ታዛዥ ተብዬው፣ ሁለተኛውን ዘንግ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሰሜን መንገድ ጀምሯል።

«ብሬንተን! ማን አዘዘህ?»

«ኔሪዳ ናታ።»

«ተመለስ። መጀመሪያ እኔ ገብቼ አየዋለሁ።»

«እሺ አለቃ። ቦርዱን ላምጣልህ?»

«ለምን?»

የነፍስ አድን ቦርድ፣ ማለትም ተኝተውበት የሚቀዝፉትን ረጅም ተንሳፋፊ ጣውላ፣ ሳይይዝ ማንም ውሃ ለመፈተሽ አይገባም። ይህን ሕግ ክበቡ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቦርድ ይዞ መግባት ግን ግማሽ መሸነፍ መሰለኝ። ሸሚዜን አወለቅኩ፤ የድምፅ ማጉያዬን፣ ሜጋፎኔን፣ አሸዋው ላይ አስቀመጥኩ፤ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ኔሪዳ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ዋሪክ፣ ቀድሞህ የሚሄድ አንድ ማንዳሪን ልወርውርልህ?» አለች። አርባው ሰው ሳቀ። ውሃው ውስጥ የከተተኝ ያ ሳቅ ነው።

እስከ ጉልበቴ፣ እስከ ወገቤ ደህና ነበር። ከዚያ እግሬ አሸዋውን አጣው። ወሳጅ ውሃ ሲይዝህ የሚጎትትህ ነገር ያለ አይመስልም፤ የክበቡ ቤት ብቻ እያነሰ ይሄዳል። ቀና ብዬ ሳይ ቋሊማ ጠባሹ የአውራ ጣቴን ያህል ሆኗል።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አትታገል፤ ተንሳፈፍ፤ እጅህን አንሳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለስንት ልጅ አስተምሬዋለሁ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ዳር አዙሬ ቀጥታ መዋኘት ጀመርኩ። እጄ አልነሳ አለኝ። ያቺ ሴት እዚያ ተቀምጣለች። እጄን ባነሳ፣ አርባ ሰው እያየ «ኔሪዳ፣ ልክ ነሽ» ማለቴ ነው። ስለዚህ ዋኘሁ፤ ያውም አሳምሬ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ የሚታይ ዋና ዋኘሁ። ቀና ብዬ አየሁ። ዳሩ አልቀረበም። ደግሜ ዋኘሁ። ርቋል። ሦስተኛው ላይ ጨው ውሃ ዋጥኩ፤ ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ግሌኒስ ትዝ አለችኝ። ፈራሁ። የምሞተው በባሕር ሳይሆን በቅናት መሆኑንም አውቄዋለሁ፤ እያወቅኩትም እጄ አልተነሳም።

ያኔ የገዛ ሜጋፎኔን ሰማሁት። በሕይወቷ ማጉያ የሚባል ነገር ፈልጋ የማታውቀው ሴት ይዛዋለች።

«ክቡራትና ክቡራን! እንደምን አደራችሁ! ዛሬ የጥበቃ መሪያችን ዋሪክ ቱሄይ በገዛ ሰውነቱ ማሳያ እያቀረበልን ነው! ልጆች፣ ቅረቡ! እስካሁን ያሳየን ማድረግ የሌለብንን ነው፤ ቀጥታ ወደ ዳር መዋኘት! አያችሁ? ያን ሁሉ ዋኝቶ አንድ ክንድ አልመጣም! እንዴት አድርጎ እንዳሳየን አያችሁልኝ!»

ሰዎች አጨበጨቡ። ማዕበሉ መሀል ሆኜ ጭብጨባውን ሰማሁት።

«አሁን ሁለተኛውን ያሳየናል! መታገሉን ይተዋል። በጀርባው ይተኛል። ዝም ብሎ ይተነፍሳል።»

በጀርባዬ ተኛሁ። ተነፈስኩ። ሰማዩን አየሁት።

«እና አሁን እጁን ያነሳል። ዋሪክዬ፣ እጅ!»

እጄ ብድግ አለ። መልሱን እንዳወቀ ተማሪ ነው ብድግ ያለው። ያ ሁሉ ክብደት የት እንደሄደ አላውቅም።

ብሬንተን ዳር ቆሞ ከሰው ጋር ያጨበጭብ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ፣ ኔሪዳ ሜጋፎኑን ዝቅ አድርጋ በጆሮው፣ «ምን ትገተራለህ? ማሳያው ቦርዱንም ይጨምራል። ሩጥ!» አለችው። ሮጠ። ደርሶ ፊቴን ሲያይ ነገሩ ገባው። «ያዝ፣ አለቃ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ቦርዱ ላይ በደረቴ ተኛሁ፤ ዞረን አረፋ ባለበት በኩል ወጣን። አንዲት እናት እጄን ጨብጣ፣ «እንዲህ ያለ ትምህርት አይቼ አላውቅም» አለችኝ። አንድ ሰውዬ ሁሉንም በስልኩ ቀርጾታል። ባንዲራው መቶ ሃምሳ እርምጃ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ያን ዕለት ስለ ሻወሩ ያጉረመረመ ሰው አልነበረም። ኔሪዳ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ሻይ ትጠጣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተረኛ ሲቀይረኝ ሄጄ አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

«አውቀሽ ነበር» አልኳት።

«ክንድህን ስድሳ ጊዜ ወረወርክ። ቆጥሬዋለሁ። ደግሞ ግራህ ትንሽ ያጥራል።»

«ለምን ዋሪክ ሰጠመ ብለሽ አልጮህሽም? መብትሽ ነበር። እድሜ ልክሽን ስታወሪው ትኖሪ ነበር።»

«ብጮህ እጅህን ታነሳው ነበር?»

ከእግሬ ላይ አሸዋ ማራገፍ ጀመርኩ።

«አውቶቡስ ስነዳ» አለች ባሕሩን እያየች፣ «ሱሪው ላይ የሸና ልጅ ካለ የመጠጥ ውሃዬን ወለሉ ላይ እደፋና፣ ‹እኔን ብሎ ሾፌር! ሁላችሁንም አረጠብኳችሁ› እላለሁ። ያኔ ልጁ ከሌሎቹ ጋር እየሳቀ ይወርዳል። ያለዚያማ እንቢ ብሎ እዚያው ወንበሩ ላይ ይቀራል። አንተም ያው ነህ፤ ተለቅክ እንጂ።» ሻይዋን ፉት ብላም፣ «ደግሞ አንተ ብትሞት ቅዳሜ ቅዳሜ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?» አለችኝ።

አመሰገንኳት። «እሺ እሺ፣ ከፀሐዩ ገለል በልልኝ» አለች።

ቤቴ የገባሁት ከወጣሁበት ይበልጥ ቀንቼ ነው። ድሮ የምቀናው በአፏ ነበር። አሁን የምቀናበት ሌላ ነው። እስቲ እሷ ውሃው ውስጥ ብትሆን፣ ሜጋፎኑም በእኔ እጅ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። አድናት ነበር፤ ለዚህ አልጠራጠርም። ግን ምን ብዬ እንደምጮህ በደንብ አውቀዋለሁ፤ አርባ ሰው ይሰማኝ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከክበቡ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቅዳሜ «በራሴ አነሳሽነት ላቀረብኩት ድንቅ ማሳያ» የዓመቱ የሕዝብ ግንዛቤ ሽልማት እሁድ በምሳ ግብዣው ላይ ይሰጠኛል። የተቀረጸውን ብዙ ሰው እንዳየው፣ የጎረቤት ከተሞችም እንደጠየቁት ተጽፏል። ኔሪዳ ጋ ደወልኩ።

«ተቀበላ» አለችኝ። «ሰው ከተማረበት ምን ቸገረህ?»

«እውነት አይደለማ።»

«እኔ ለማንም አልናገር። ብሬንተንም አፉን ይዟል። ዘግተህ ተኛ።»

እንደማትናገር አውቃለሁ። ስለ ሁሉ ነገር የምትናገረው ሴት ይህን አንዱን ይዛው ትቀበራለች። ስለዚህ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ግሌኒስም ከእናንተ ጋር አሁን ነው የምታነበው። ቅዳሜ ያያችሁት ማሳያ አልነበረም። እየሰጠምኩ ነበር። እጄን እንዳላነሳ የያዘኝ ቅናት ነው፤ እንዳነሳው ያደረገችኝ ኔሪዳ ፓስኮ ናት። እናንተም ውሃው ሲወስዳችሁ፣ ዳር ላይ የተቀመጠው የፈለገው ይሁን፣ እጃችሁን አንሱ።

እሁድ ስሜ ሲጠራ አልነሳም፤ የምትነሳው እሷ ናት። አጨብጭቡላት። ብቻ እባካችሁ፣ እኔ እዚያው ስለምሆን፣ በጣም አታስረዝሙት።